መተኛ የጠየቀው ውሃ

አንዲት ከተማ ነበረች፤ ክረምት በገባ ቁጥር ለሁለት የምትከፈል። በበጋ ከገበያው ወደ ላይ ሰፈር የሚወስደው መንገድ እንደማንኛውም መንገድ አቧራው የሚጨስ፣ ውሻ ተዘርግቶ የሚተኛበት ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ጉም ከተራራው ይወርድና በየደጃፉ ይቀመጣል። መንገዱ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ውሃ ይተኛል። ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ የቆሙ ሰዎች በሕልም እንደሚታይ ሰው ብዥ እያሉ ይተያያሉ። በዚያች ከተማ ክረምት ሲሆን ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ይመስላል።

ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔ ነው። ወላጅ ልጁ ቤት ተጎልቶ ሲውል አይወድም፤ ልጅም ባዶ ኪስ ይዞ መዋል አይወድም። ስለዚህ የከተማዋ ወጣቶች ክረምቱን በየፊናቸው ይሰማራሉ። አንዱ በቆሎ እሸት ይጠብሳል። አንዱ ጃንጥላ ተረክቦ "ጃንጥላ! ጃንጥላ!" እያለ ይዞራል፤ እሱ ራሱ ግን ሁልጊዜ ብስብስ ያለ ነው። አንዷ የጎረቤት ሕፃናትን ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራለች። ጭቃ የነካው ጫማ የሚያጥበው ልጅ ከሁሉም የበለጠ ይሳቅበታል፣ ከሁሉም የበለጠ ያገኛል።

ደርበው የሚባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ሥራውን ከውሃው አገኘ። ውሃው የተኛበት ቦታ ላይ ድንጋይ ደረደረ፤ በድንጋዩ ላይ ሳንቃ አጋደመ፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ ዳር ላይ ተቀመጠ። መሻገር የፈለገ ሳንቲም ይሰጠዋል። አሮጊት ከሆነች እጇን ይይዛል፤ ሕፃን ከሆነ ያዝላል። ይህ በየከተማው ያለ፣ ክረምት የወለደው ሥራ ነው። ነውርም የለበትም።

ደርበው ገንዘቡን የፈለገው ለራሱ አልነበረም። ትርንጎ የምትባል ታናሽ እህት አለችው። ባለፈው መስከረም ጉልት ቸርቻሪ የሆነችው እናታቸው ለሁለት ልጅ ዩኒፎርምና ደብተር መግዛት አቃታትና "ትርንጎ አንድ ዓመት ትቆይ" ብላ ወሰነች። ትርንጎ አላለቀሰችም። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ቦርሳውን ተቀብላ ደብተሩን እየገለጠች "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ትለዋለች። ደርበው ይህችን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ሰማ። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ክረምቱ ሲገባ እጇን ይዞ "በመስከረም ስድስተኛ ክፍል ትገቢያለሽ። እኔ አስገባሻለሁ" አላት። እሷም አመነችው። ብታምነውም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ በርጩማ ደጅ አውጥታ ለሰፈሩ ልጆች ሹሩባ መሥራት ጀመረች።

በሳንቃው ከሚመላለሱት ሰዎች አንዷ እማማ አጸደ ነበሩ። የልምድ አዋላጅ ናቸው። ከከተማዋ ጎረምሶች ግማሹን በእጃቸው ተቀብለዋል፤ ደርበውንም ጭምር። ስለዚህ ለሳንቲም እጁን ሲዘረጋላቸው "መጀመሪያ እኔ አንተን ያሻገርኩበትን ክፈል!" ይሉትና እየሳቁ ያልፋሉ። አንድ ቀን ግን ሳንቃው መሃል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ደርበው፣ ሥራ እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው እማማ። ዛሬ ግን ዝናቡ ሰነፈ።"

"እኔ ሥራዬ ሲያልቅ ልጁ ያለቅሳል፣ ቤቱ ይስቃል። ገንፎዬን በልቼ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። አንተስ ልጄ? ይህ ውሃ ደርቆ ሥራህ ሲያልቅ ደስ ይልሃል ወይስ ይከፋሃል?"

ደርበው ሳቀ። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ የምታምጥ ሴት ትጠብቃቸው ነበር።

ነሐሴ ተጋመሰና ፀሐይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረች። ከተማው ደስ አለው። ደርበው ግን ሰማይ በጠራ ቁጥር ያጠራቀመውን ሳንቲም ይቆጥራል። ዩኒፎርሙ ተገዝቷል፤ ደብተሩና ቦርሳው ገና ነበሩ። ውሃው በየቀኑ እየጎደለ ሄዶ ጎረምሶቹ ያለ ሳንቃ ዘለው መሻገር ጀመሩ። ደርበው ዘለው የሚሻገሩትን ሰዎች ኪሱ እንደገባ ሌባ ያያቸው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያ እየጣለ፣ ዳር ላይ እንደተቀመጠ ሸለብ አደረገው። እንቅልፍም አይባል፤ ዓይኑ ክፍት ነበር። ጉሙ ወርዶ ሁለቱንም ማዶ ሸፈናቸውና እሱና ውሃው ብቻ ቀሩ። ያን ጊዜ ውሃው አናገረው።

"ደርበው፣ ልሄድ ነው።"

"ትንሽ ቆይ እንጂ! እህቴን ሳላስገባ?"

"እኔ ብሄድ አንተ ማን ነህ?" አለ ውሃው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የሚያባብል ሰው ድምፅ። "አሁን ከተማው ሁሉ ያውቅሃል። ባለ ሳንቃው ይሉሃል። እኔ ስሄድ ማን ይሉሃል?"

ደርበው ዞር ብሎ ሳንቃውን አየው።

"ብዙ አልጠይቅህም" አለ ውሃው። "መንገድ ሰልችቶኛል። መተኛ ብቻ ስጠኝ፤ እኔም አልተውህም።"

ደርበው ሲባንን ካፊያው አባርቷል። ተነሥቶ ውሃው ወደሚወርድበት ቦይ ሄደ። አንድ ማዳበሪያ አሸዋ ሞላና የቦዩ አፍ ላይ አጋደመው። ጉም ስለነበር ማንም አላየውም። በማግስቱ ውሃው ሞላ፤ ዘላዮቹም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሳንቃው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ውሃው ደጋግሞ ያናግረው ጀመር። "ትንሽ ጠቦኛል" ይለዋል፤ ደርበው ሌላ ማዳበሪያ ይጨምራል። "እግሬን ልዘርጋ" ይለዋል፤ ደርበው ዳርና ዳሩን በጭቃ ይደፍናል። የሚገርመው፣ ያን ሰሞን ደርበው ከወትሮው ይበልጥ ደግ ሆኖ ነበር። ሕፃናቱን በቀስታ ያዝላል፤ ሳንቲም የሌለውን በነፃ ያሻግራል። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" እያለ መረቀው። ምርቃቱን ሲሰማ መሬት መሬት ያያል።

የከተማው ሰው ግን ግራ ገባው። "ዘንድሮስ ምን ዓይነት ክረምት ነው? ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ አልደርቅ አለ!" ይባል ነበር። አንዱ የዘመን መለወጥ ነው አለ። ሌላው ተራራው ሥር ምንጭ ፈንድቶ ይሆናል አለ። እኛ ሰዎች ቀና ብለን ሰማይን ለመውቀስ ማን ብሎን! ጎንበስ ብሎ ቦዩን ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ደብተሩ ተገዛ። ቦርሳውም ተገዛ። ጳጉሜ ገባና የምዝገባው ቀን ደረሰ። ትርንጎ የራሷን ፀጉር ሹሩባ ተሠርታ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ከወንድሟ ጋር ወጣች። ሳንቃው ላይ ሲደርሱ ከሹሩባ ያገኘችውን ሳንቲም አውጥታ "ይኸው ሒሳብህ፣ ባለ ሳንቃው" ብላ ቀለደችበት። ደርበው ሳንቲሙን መልሶ መዳፏ ላይ አደረገና ጣቶቿን አጠፈላት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ትምህርት ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ማንም አይሄድበትም፤ ዘበኛው እንኳን ለእርሻ ወደ ገጠር ወርዶ ነበር። እነ ደርበው በሩን አልፈው ሲገቡ ዳይሬክተሩን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ባልዲ ይዘው አገኟቸው። ከኋላቸው የስድስተኛ ክፍል የጭቃ ግድግዳ ተደርምሷል። ጥቁር ሰሌዳው በጀርባው ተንጋሎ ይንሳፈፋል። ውሃው ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

"ለስድስተኛ ክፍል ከሆነ የመጣችሁት፣ ክፍሉን ራሳችሁ እያያችሁት ነው" አሉ ዳይሬክተሩ። "ግድግዳው እስኪሠራ ማንንም አልመዘግብም። አንድ ዓመት ቆይታችሁ ኑ።"

ትርንጎ አሁንም አላለቀሰችም። ጫማዋን አወለቀችና እስከ ክፍሉ በር ገብታ ቆመች። ውሃውን አየችው።

"ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?" አለች።

"ከሰማይ ነዋ ልጄ። ከየት ይመጣል?" አሉ ዳይሬክተሩ።

ደርበው ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አላየውም፤ ማንም አልጠረጠረውም። ውሃውን አየው። ውሃው መተኛ ሲጠይቀው ደርበው "የት?" ብሎ አልጠየቀውም ነበር።

"ከሰማይ አይደለም" አለ። "ቦዩን ስዘጋው ወደዚህ ዞሮ ነው። እኔ ነኝ ያስተኛሁት። ለአንቺ ብዬ ነው ትርንጎ።"

ትርንጎ ፊቷ ተለዋወጠ። "ለእኔ ብለህ አትበል!" አለችው። "አንተ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ አልክ እንጂ እኔ ውሃ አቁምልኝ አላልኩህም።"

ይህን ብላ ቦርሳዋን አውልቃ ለዳይሬክተሩ አስያዘችና "የቱ ጋ ነው የዘጋኸው?" አለች። ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ የገበያው ሰው ሁሉ እያየ፣ ደርበው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ ጎተተ። የመረቁት ሰዎች ከበው አዩት። የተሳደበም ነበር፤ "ሳንቲሜን መልስ!" ያለም ነበር። ደርበው ቀና አላለም። የመጨረሻው ማዳበሪያ ሲነሣ ውሃው እንደገና በዚያ በለስላሳ ድምፁ አናገረው።

"ልሄድ ነው። እኔ ስሄድ አንተ ማን ነህ?"

"የትርንጎ ወንድም ነኝ" አለ ደርበው።

ውሃው ተንዶቅዶቀና ሄደ።

በማግስቱ ደርበው በተረፈችው ገንዘብ ጭድ ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ክፍሉ ውስጥ የቀረውን ውሃ በባልዲ አወጣና ጭቃ ማቡካት ጀመረ። ቀድሞ ብቻውን ነበር። ቀጥሎ ትርንጎ ገባች። ቀጥሎ ባለ በቆሎው፣ ባለ ጃንጥላው፣ ፊደል አስቆጣሪዋ መጡ። ጫማ አጣቢው "እኔ ዘንድሮ ጭቃ መች ጠገብኩ!" ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። አዲሱ ዓመት ጭቃ ሲረግጡ ገባባቸው። ሳንቃው ደግሞ ተጠርቦ የስድስተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ሆነ።

ከመስቀል በኋላ ግድግዳው ቆመ፣ ደረቀም። ትርንጎ በሳንቃው ላይ ተቀምጣ ደብተሯን የገለጠች ቀን እማማ አጸደ በመስኮት በኩል ሲያልፉ ደርበውን ውጭ ቆሞ አገኙት።

"ሥራህ አለቀ?"

"አለቀ እማማ።"

"ደስ አለህ ወይስ ከፋህ?"

ደርበው ሊመልስ አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች፣ ያን የሚያህል ጎረምሳ ሲያለቅስ አይተው፣ ከትርንጎ ጋር አብረው ሳቁ። እማማ አጸደም "ይኸው ተወለደ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወገኖቼ፣ በሰው ችግር ላይ ሠርቶ መብላት ነውር አይደለም። ሐኪም በበሽታ፣ ጫማ ሰፊ በተቀደደ ጫማ፣ አስተማሪ በተማሪው አለማወቅ ይኖራል። ነውሩ የሚጀምረው ችግሩ እንዳያልቅ የተመኘን ቀን ነው። ምኞቱ ሲመጣ ለስላሳ ነው፤ ለልጅህ ነው፣ ለእህትህ ነው ይላል፤ የሚለምነውም መተኛ ብቻ ነው። የሚተኛው ግን ሁልጊዜ የምንወደው ሰው ሊቀመጥበት ባሰብነው ቦታ ላይ ነው። ዘንድሮ ክረምት ለሥራ የምትወጡ ልጆች፣ በቆሎውንም ጥበሱ፣ ሰውንም አሻግሩ፣ እጃችሁ ይባረክ። ማታ ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት ግን የአዋላጇን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።

እኛ ትልልቆቹም አንተርፍም። እርስዎስ፣ ዛሬ የያዙት ሥራ ነገ የማያስፈልግ ቢሆን፣ ደስ ይልዎታል ወይስ ይከፋዎታል?