የሙሽሪት ጭራና አልለቅም ያለው ባለጢሙ

ስሙኝማ። ነገሬ ይደጋገማል፤ መደጋገም የሚሰለቸው ካለ ከአሁኑ ይነሳ። የሰዎቹ ጉዳይ ራሱ ነው የሚደጋገመው፣ እኔ ምን ላድርግ።

ስንዱ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቷ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት አኳሪየም አለ፤ አኳሪየሙ ውስጥ አንዲት ነጭ ዓሣ አለች። ጭራዋ ከገላዋ ይረዝማል፤ እሷ ዞራ ስትጨርስ ጭራዋ ገና መዞር ይጀምራል። ስንዱ ቬሎ ስትሰፋ ነው የምትውለው፣ ስለዚህ ሙሽሪት አለቻት። ሙሽሪትን እያየች ነው ቀኑን የምትገፋው። ትወዳታለች በቃ።

በዚያው ውሃ፣ ከታች አሸዋው ላይ፣ ሎች የሚባሉ ስድስት ዓሦች ነበሩ። መልካቸው ብርቱካንማ ነው፣ ጥቁር ቀበቶ አላቸው፣ አፋቸው ዙሪያ ጢም አላቸው። እነዚህ ጢማሞች ከበሉ በኋላ ይታገላሉ። ጎን ለጎን ይገፋፋሉ፣ ቀለማቸው አመድ ይሆናል፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ከዚያ አለቃው ይለያል፣ ቀለማቸው ይመለሳል፣ ተደጋግፈው ይተኛሉ። ኑሯቸው ነው፤ ጠብ አይደለም።

የስንዱ ባል አቶ ደግፌ ግን የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ትግሉን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንዱ፣ እነዚህ ተጣልተዋል። ለጊዜው ለየት ለየት ይበሉ፤ ሲለያዩ ይበርድላቸዋል» አሉ።

አምስቱን በባልዲ ይዘው ማዶ በር ላሉት ለአቶ ልሳኑ ሰጡ። አንዱን፣ ጨዋ የሚመስለውን፣ አስቀሩ። ጨዋው መጀመሪያ ተደበቀ። ቀጥሎ ወጣ ብሎ የሚገፋው ወንድም ፈለገ፤ አጣ። የሙሽሪትን ጭራ አገኘ፤ ነከሰ።

ሙሽሪት ወደ መስታወቱ መጣች። «እትዬ ስንዱ፣ ሌላ አልፈልግም፤ ጭራዬን ይተውልኝ» አለች። ጭራዋ ጫፉ ተተልትሏል፣ የተተለተለው ሻጋታ ጀምሮታል። እንዲህ ከቀጠለ ሙሽሪት እንደማትከርም ስንዱ ገብቷታል።

«አንተ ባለጢም፣ ጭራዋን ልቀቅ» አለችው።

«አልለቅም» አለ። «እኔ መግፋት እወዳለሁ፣ መገፋትም እወዳለሁ። ወገኖቼ ሳሉ ጭራ መኖሩንም አላየሁ። ወገኖቼን መልሺልኝና እለቃለሁ።»

ስንዱ ወደ ባሏ ዞረች። አቶ ደግፌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሰጠሁትን ልቀበል? ነውር ነው። እኔ እግሬን አላነሳም።» ሽማግሌ አንዴ ከለየ ለየ ነው፤ እንዲህ ያስባሉ።

«እኔ አነሳለሁ» አለች ስንዱና ማዶውን በር አንኳኳች።

«አቶ ልሳኑ፣ እንደምን ዋሉ። ሙሽሪት ጭራዬን ትላለች፤ ባለጢሙ አልለቅም ይላል። እባክዎ ወገኖቹን ይመልሱልኝ።»

አቶ ልሳኑ በትህትና አስገቧት፣ በትህትና አስቀመጧት፣ በትህትና ከለከሏት። «እህቴ ስንዱ፣ ሌላ ጠይቂኝ። የኔን ገንዳ ቀንድ አውጣ ወርሶታል። እነዚህ ጢማሞች አፋቸውን ዛጎሉ ውስጥ እየከተቱ መጥጠው ይበሉልኛል። ቀንድ አውጣው ሳያልቅ አልመልስም።»

ስንዱ ጎንበስ ብላ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቀንድ አውጣ አየችው። «አንተ ቀንድ አውጣ፣ ሙሽሪት ጭራዬን ትላለች፤ ባለጢሙ አልለቅም ይላል፤ አቶ ልሳኑ አልመልስም ይላሉ። ብታልቅ ምናለበት።»

«አላልቅም» አለ ቀንድ አውጣው፣ ቀንዱን እንኳ ሳይሰበስብ። «እነሱ አንድ ሲበሉ እኔ እልፍ እወልዳለሁ። ከላይ ፍርፋሪ እየዘነበ ማን ያልቃል? ፍርፋሪው ይቅርና ያኔ እናወራለን።»

እውነቱን ነው፤ ፍርፋሪ እየወረደ ነበር። ዓሦቹ የተረፋቸውን ትተውታል፣ አሸዋው ላይ ተኝቶ ውሃውን አደፍርሶታል። ስንዱ ጣቷን ቀሰረችበት።

«አንተ ፍርፋሪ፣ ሙሽሪት ጭራዬን ትላለች፤ ባለጢሙ አልለቅም ይላል፤ አቶ ልሳኑ አልመልስም ይላሉ፤ ቀንድ አውጣው አላልቅም ይላል። መውረድህን ተው።»

«አልተውም» አለ ፍርፋሪው። «ለመሆኑ በገዛ እግሬ የመጣሁ መስሎሽ ነው? እጅ ይበትነኛል፣ እወርዳለሁ። ከእጅ ጋር ተነጋገሪ።»

ስንዱ ቀና አለች። ከገንዳው አጠገብ፣ በወንበር ላይ፣ የአቶ ልሳኑ አክስት እማማ አመለወርቅ ተቀምጠዋል። ከአገር ቤት መጥተው ከቤተሰቡ ጋር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጭናቸው ላይ ሳህን አለ፣ ሳህኑ ላይ ዳቦ አለ። ቆረስ ያደርጋሉ፣ በጣታቸው ያደቃሉ፣ ውሃው ላይ ይበትናሉ።

«በሞቴ» ይላሉ ለአንዱ ዓሣ። «ይቺን ብቻ። እኔን አፈር ያስበላኝ፣ አንዴ ብቻ።»

ዓሣ ደግሞ በቃኝ ማለት አያውቅም። ሰው ባየ ቁጥር አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይመጣል። እማማ አመለወርቅ አፉን የከፈተ ሁሉ የተራበ ይመስላቸዋል። አቶ ልሳኑ ስንት ጊዜ ለመኗቸው፤ «አፉን ከፍቶ እያየኝ ዝም ልበል? ምን ዓይነት ሰው አደረግኸኝ» እያሉ ይመልሷቸዋል።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ» አለች ስንዱ። «ነገሬ እንደሚሆን አይደለም። ሙሽሪት ጭራዬን ትላለች፤ ባለጢሙ አልለቅም ይላል፤ አቶ ልሳኑ አልመልስም ይላሉ፤ ቀንድ አውጣው አላልቅም ይላል፤ ፍርፋሪው አልተውም ይላል። እጅዎን ይሰብስቡልኝ።»

«አልሰበስብም» አሉ እማማ አመለወርቅ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው ለማስረዳት ነው የተናገሩት። «ልሳኑ ምሳውን ቢሮ ይበላል። ዛሬ ቤት ውሏል፣ እሱም ስልኩን እያየ በልቶ ተነሳ። ሚስቱ ቆማ ትጎርሳለች። ማዕድ ቀርቦ ሰው ሲሰበሰብ አላየሁም፤ እዚህ ቤት እየጠገቡ ነው የሚገናኙት። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በሞቴ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ማንን ልበል? ሰው ካልበላልኝ ዓሣ ይብላልኝ።»

አቶ ልሳኑ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ስንዱ ነገሩን በጣቷ ቆጠረች። ሙሽሪት ጭራዬን ትላለች፤ ባለጢሙ አልለቅም ይላል፤ አቶ ልሳኑ አልመልስም ይላሉ፤ ቀንድ አውጣው አላልቅም ይላል፤ ፍርፋሪው አልተውም ይላል፤ እጅ አልሰበሰብም ይላል። ከእጅ ወዲያ ደግሞ የሚለመን የለም። ስንዱ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እጇን ታጠበች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እኔ ምሳ አልበላሁም» አለች።

የእማማ አመለወርቅ እጅ ውሃው ላይ እንደተዘረጋ ቆመ። «አልበላሽም?»

«አልበላሁም።»

«እስከዚህ ሰዓት?»

«እስከዚህ ሰዓት።»

እጁ ተመለሰ። ሳህኑ ከጭን ወረደ፣ ወጡ ሞቀ፣ ማዕዱ ቀረበ። ያን ቀን ስንዱ የጎረሰችውን እሷ ትናገር። በሞቴ ተባለች፣ በልጆችሽ ተባለች፣ እኔ ልሙትልሽ ተባለች። በቃኝ ስትል «ምኑን በላሽውና» ተባለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ መኪናዋ ላይ ማጎንበስ አቅቷት ቬሎውን ቆማ አየችው። በማግስቱም ሄደች። ከዚያም ወዲያ ሄደች። የአቶ ልሳኑ ሚስትም አንድ ቀን ቆማ ልትጎርስ ስትል፣ ሁለቱን አይታ ተቀመጠች።

እንግዲህ ያዙ። እጁ ወደ ሰው አፍ ዞረ፤ ፍርፋሪው መውረድ ተወ፤ ቀንድ አውጣው ተራበ፣ መውለድ አቆመ፤ ጢማሞቹ የቀረውን ለቃቅመው ጨረሱት፤ አቶ ልሳኑ ባልዲ አነሱ፤ አምስቱ ወገኖች ማዶውን በር ተሻግረው ባለጢሙ ዘንድ ገቡ።

ገቡና ታገሉ። ጎን ለጎን ተገፋፉ፣ አመድ መሰሉ፣ ጠቅ ጠቅ አሉ። አቶ ደግፌ መረቡን አፈፍ አደረጉ። «ይኸው! እኔ ምን አልኩ? አምጪ ባልዲውን።»

«ደግፌ፣ አስቀምጠው» አለች ስንዱ። «ይታገሉ። ይሄ የነሱ ሽምግልና ነው።»

አሸዋው ላይ አፋቸው ሰፋ ያለ ማሰሮዎች አጋድማ አኖረችላቸው፣ የተሸነፈው የሚገባበት እንዲኖረው። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። አቶ ደግፌ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ስድስቱም በጎናቸው ተጋድመዋል። «ሞቱልሽ» አሉ። አልሞቱም፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፎ ተኝቷል። ጨዋው ባለጢሙ ከመሃል ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ ቀና ብሎ ጭራ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። የሙሽሪት ቁስል ደረቀ፣ ጭራዋ ቀስ እያለ በቀለ፤ መጀመሪያ እንደ ውሃ የሳሳ ነበር፣ ኋላ ነጣ። ከዳር እስከ ዳር ዋኘች፣ ማንም አልነካት። ስንዱ መርፌዋን አስቀምጣ አየቻት፤ ደስ አላት።

የሚቀር ነገር አለ። ጢማሞቹ በተመለሱ ዕለት ስንዱ ከማዕዱ ስትነሳ፣ እማማ አመለወርቅ ቀና ብለው ሳያዩ ጠየቋት።

«ዓሦችሽን አገኘሽ። ጉዳይሽም አለቀ። ነገ እንግዲህ ምን ያመጣሻል?»

እጃቸው ከሳህኑ ዳር የቀረችውን ቁራሽ ዳቦ ያደቅ ነበር።

ስንዱ ቁራሿን ከጣታቸው ወስዳ ጎረሰቻት።

«ረሃብ ነዋ፣ እማማ» አለች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዋን ከደነች፣ ማዶውን በር አንኳኳች። እማማ አመለወርቅ እጃቸውን ታጥበው ይጠብቋት ነበር።

ይኸው ነው። የሰማ ለሌላው ያውራ፣ እኔ አፌን ላሳርፍ።