ፀሐይ የማይደርሰው ጓሮ

አንድ ሰው ነበረ፤ አዳማ ላይ ቤት ሠራ። ቤት መሥራት ኃጢአት ነው? አይደለም። ከፊት ለፊት ሣር ተከለ፣ ጽጌረዳ ተከለ፤ ግቢው ሲያምርለት ደግሞ መሸት ሲል አበባውን የሚያሳይ መብራት አማረው። ይህም ኃጢአት አይደለም። ታገሡኝ፤ ኃጢአቱ ይመጣል።

አስናቀ ይባላል። መብራት መሸጫ ሱቅ ገባ፤ ሻጩም ሁለት ዓይነት አወጣለት። "ይሄ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው" አለው። "የትም ቢያቆሙት ይበራል፤ ግን ድንጋዩ ባለቀ ቁጥር እየሄዱ መቀየር አለ። ይሄኛው ሶላር ነው። ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ሲመሽ ራሱ ይበራል። ፀሐይ ካላገኘ ግን ያው ለጌጥ መቆም ነው።"

አስናቀ አላመነታም። "ሶላሩን ስጠኝ። እኔ ተክዬው የምረሳውን ነው የምፈልገው" አለ።

በዚያው ግቢ፣ ጓሮ በኩል፣ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ አክስቱ እትዬ የሻረግ ይኖራሉ። እናቱ ስትሞትበት ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር፤ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ከክፍላቸው ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ክዳኑ የተሰበረ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። የፊቱ ግቢ እንደ ሠርግ ቤት ሲያበራ አዩና፣ "አስኔ፣ ከዚያ አንዷን ለኔም ብትተክልልኝ፤ ሲመሽ ቦዩ አይታየኝም" አሉት።

ሰጣቸው! ክፉ ሰው አይደለማ። አንዱን ከጽጌረዳው ሥር ነቅሎ ጓሮ ተከለላቸውና እጁን አራግፎ ሄደ።

መብራቱ አልበራም። በማግስቱም አልበራም። ሚስቱ ወይንሸት፣ "የእትዬ መብራት እኮ አይሠራም" አለችው።

"ከፊቶቹ ጋር አንድ ነው። ነካክተውት ይሆናል" አላት።

ሄዶ አየ? አላየም። አንድ እሑድ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ እትዬ የሻረግ ራሳቸው መጡ። "ልጄ፣ ያቺ መብራት እኔን እምቢ አለችኝ" አሉት። እንግዶቹ ሳቁ። አስናቀ አፈረ፤ ኀፍረቱም ወዲያው ቁጣ ሆነ።

"እትዬ፣ ሰጠሁዎት አይደል? ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?"

ከዚህ በላይ ምን ላድርግ! ይህን ስንናገር እንዴት ምላሳችን አይተሳሰርም?

እትዬ የሻረግ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን መሸት ሲል፣ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ቦዩ ውስጥ ወደቁ። ጭናቸው ተሰበረ። ጩኸታቸውን የሰሙት ጎረቤቶች ናቸው፤ ከፊት ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮኽ ነበር።

በነጋታው አስናቀ ከሆስፒታል ልብሳቸውን ሊወስድላቸው መጣ። እኩለ ቀን ነው፤ የአዳማ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ጓሮው ግን ጥላ ነበር። መብራቱ አጠገብ ቆሞ ፀሐይዋን ፈለጋት። ቀና አለ። ፎቁ ላይ ያሠራው ሰፊ በረንዳ ከጓሮው በላይ ተዘርግቶ ከአጥሩ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም።

ወይንሸት ከኋላው ቆማ ነበር። "ፀሐይዋን የጋረድክባቸው አንተ፣ 'ነካክተውት ነው' የተባሉት እሳቸው!" አለችው። ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ቦዩን አስከደነ። ሶላሩን ነቅሎ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን አመጣ። እትዬ የሻረግ በምርኩዝ ሲመለሱ ጓሮው በርቶ ጠበቃቸው። መብራቱ ደብዘዝ ባለ ቁጥር አስናቀ ራሱ እየሄደ ድንጋዩን ይቀይራል፤ በሄደበትም አረፍ ብሎ ያጫውታቸዋል። ጎረቤታቸው፣ "እንግዲህ ተመስገን ነው፤ መብራቱም ሠራልዎት" ቢሏቸው ምን አሉ መሰላችሁ?

"ተመስገን። አሁንስ 'ድንጋዩ ቶሎ ቶሎ ባለቀ' እያልኩ ነው የምጸልየው። ሲያልቅ ይመጣላ።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ "አቤት ደስ ሲል!" እንዳትሉኝ። እኔ ደሜ ነው የሚፈላው! አዝላ ያሳደገች እናት ልጇን ለማየት የባትሪ ድንጋይ እንዲያልቅ ትጸልይ? በአንድ ግቢ እየኖሩ? በአንድ በር እየገቡ?

እናንተስ? ለእናታችሁ ስልክ ገዝታችሁ ሰጣችሁ፤ ደወላችሁላት? ለታመመው ወንድማችሁ በሰው እጅ ላካችሁ፤ ደጁን ረገጣችሁ? ሠራተኛችሁን "እንደ ልጄ ናት" ትላላችሁ፤ የምትተኛበትን ክፍል አንድ ቀን ገብታችሁ አይታችሁታል? ሰጥቻለሁ፣ ሰጥቻለሁ፣ ሰጥቻለሁ! እግዚአብሔር ስለ ሰጣችሁት ብቻ የሚጠይቃችሁ ይመስላችኋል? ስለ ጋረዳችሁትም ይጠይቃችኋል! ሰጥቶ ዞር ማለትማ ማን ያቅተዋል? ተመልሶ ማየት ነው ያቃተን።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ምሳ አትሩጡ። "ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት?" ብላችሁ ያማረራችሁበት ሰው አለ። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አሁን እየተናገርኩ እንኳ ፊቱ ድቅን ብሎባችኋል። ወደ እሱ ሂዱ። ምንም አትያዙ፤ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ቁጭ በሉና "እንዴት ነህ?" በሉት። መልሱን ሳይጨርስም አትነሡ።