መርገጫው ያለ ብየዳ አልገጠምም አለ

ተረቴ አጭር ናት፤ ጅራቷ ግን ረጅም ነው። ጅራቷን የረገጠ ሰው ከራሷ ይጀምራል።

እማማ ዘርፌ የሚባሉ እናት ነበሩ። ፈለቀ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ፈለቀ ፒካፕ ገዛ። ነጭ፣ አዲስ፣ ከመሬት ከፍ ያለ። የወንበሮቹ ፕላስቲክ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲንኮሻኮሽ ነዳው። «ፕላስቲኩን አታወልቀውም?» ያለው ሰው ሁሉ ቀናተኛ ነው።

እማማ ዘርፌ አንድ ነገር ፈለጉ። አንድ ብቻ።

«መውጫ መርገጫ አስገጥምላት» አሉ።

«እማዬ፣ እኔ አቅፌ አስገባሻለሁ።»

«ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ነው። ዛሬ አይደለም።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰበታ ሽማግሌ ይቀመጣል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከወንድማቸው ቀብር ሲመለሱ ታናሽ እህታቸው አጸደ በመኪናዋ አልፋቸው ሄዳለች። ቦታ የለም ብላ። እማማ ዘርፌ በመስኮቱ አይተዋል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ቦርሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ዛሬ በሰዓቱ ያልተገኘ እርቁን እንደናቀ ይቆጠራል። ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይለመንም።

ስለዚህ መርካቶ። የመኪና ጌጥ የሚሸጥበት ሰፈር። ሰዓቱ ሦስት። ፒካፑ ከፊት፣ እማማ ዘርፌ ከኋላ በላዳ ታክሲ።

«በዚሁ ላዳ ሰበታ ብትሄጂስ?» አላቸው ፈለቀ።

«የምሄደው በዚችው በመኪናህ ነው።»

ገጣሚው ሙዘይን ሁለት ዓይነት መርገጫ አወጣ። አንዱ ክብ፣ ኒኬል የተቀባ፣ ፊት የሚያሳይ። ሌላው ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ጥቁር ጎማ የለበሰ። ፈለቀ ክቡን ይዞ ራሱን አየበት። እማማ ዘርፌ ከሱቁ በቀረበላቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው በጫማቸው ጫፍ ነኩት።

«ይሄ ያንሸራትታል። ሰፊውን።»

«እማዬ፣ ሰፊው እኮ የጭነት መኪና ያስመስላታል።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

ሙዘይን ሳቀ። ሰፊውን አነሳ፣ ከመኪናው ሥር ተኛ፣ ለካ። ተነሳ። ማሰሪያው የአምናው ሞዴል ነው፤ አራት ጣት ያጥራል። ብረት ተቀጥሎበት መበየድ አለበት።

መርገጫው ያለ ብየዳ አልገጠምም አለ። እማማ ዘርፌም ያለ መርገጫ አልሳፈርም አሉ።

በያጁ ሸምሱ ጎረቤት ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሻይ ይጠጣል።

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለ። «ጄኔሬተር አለኝ።»

«እሰይ!»

«ጥገና ቤት ነው። ሦስት መንገድ ወደ ላይ። ትናንት ተሠርቶ አልቋል፤ የሚያመጣው ነው የጠፋው።»

ብየዳው ያለ ጄኔሬተር አልበይድም አለ። መርገጫው ያለ ብየዳ አልገጠምም አለ። እማማ ዘርፌም ያለ መርገጫ አልሳፈርም አሉ።

ሰዓቱ አራት።

ፈለቀ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ሰው በዚህ ሰፈር አደገኛ ነው። የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላ አየ፤ ወደደ። የፊት መከላከያ ብረት አየ፤ ከፖርቶ መጋላው ጋር ይሄዳል። ጣሪያ ላይ የሚደረደሩ አራት መብራቶች አየ፤ ከሁለቱም ጋር ይሄዳሉ።

«ልጄ» አሉ እማማ ዘርፌ ከዱካቸው፣ «ልትነዳት ነው ልትድራት?»

ባለ ጋሪው ዘበነ መጣ። የእጅ ጋሪው አንድ እግሩ ተኝቷል።

«ጄኔሬተሩን አመጣው ነበር እማማ። ጎማዬ ተነፈሰ።»

ጄኔሬተሩ ያለ ጋሪ አልመጣም አለ። ብየዳው ያለ ጄኔሬተር አልበይድም አለ። መርገጫው ያለ ብየዳ አልገጠምም አለ። እማማ ዘርፌም ያለ መርገጫ አልሳፈርም አሉ።

ጎሚስታው ጥግ ላይ ነው። የጋሪውን ጎማ ፈታ፣ ቀዳዳውን አገኘ፣ ለጠፈ። ደስ አላቸው። ከዚያ የንፋስ መሙያውን ቱቦ አነሳና መልሶ ጣለው።

«ምነው?» አለ ዘበነ።

«ንፋሱም በመብራት ነው የሚሠራው።»

«የእጅ ፓምፕስ?»

«ተውሶ ያልመለሰው ሰው ሰላም ይሁን።»

«እና?»

«እና ጄኔሬተር አምጡልኝ።»

ነገሩ ዞሮ መነሻው ላይ ተዘጋ። ሙዘይን ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ እዚያው ደረሰ።

ንፋሱ ያለ ጄኔሬተር አልነፍስም አለ። ጋሪው ያለ ንፋስ አልሄድም አለ። ጄኔሬተሩ ያለ ጋሪ አልመጣም አለ። ብየዳው ያለ ጄኔሬተር አልበይድም አለ። መርገጫው ያለ ብየዳ አልገጠምም አለ። እማማ ዘርፌም ያለ መርገጫ አልሳፈርም አሉ።

ሰዓቱ አምስት።

ሸምሱ ሻዩን አስቀመጠ። ዞር ብሎ ነጩን ፒካፕ አየ። ሙዘይንም አየ። ዘበነም አየ። ጎሚስታውም አየ። ፈለቀ ብቻ አላየም፤ ፖርቶ መጋላ ይለካል።

«ወንድም» አለ ሸምሱ፣ «ይሄ ከኋላ ያለው ሰፊ ነገር ለምንድን ነው?»

«ለጭነት።»

«ምን ጭነህበት ታውቃለህ?»

ፈለቀ ፊቱ ተለወጠ። «ምንጣፍ አልተነጠፈበትማ! ጄኔሬተር ብረት ነው። ቀለሙን ይፍቀዋል።»

ምንጣፍ ሻጩ ጋ ሄዱ። ሦስት ዓይነት አለ። የፕላስቲኩ ለአምናው ሞዴል ነው። የሚረጨው ጥሩ ነው፤ የሚረጨው ግን በንፋስ ነው። ጎማው በልክ ይቆረጣል፤ ለነገ።

ምንጣፉ ከነገ በፊት አልነጠፍም አለ። ፒካፑ ያለ ምንጣፍ አልጭንም አለ። ንፋሱ ያለ ጄኔሬተር አልነፍስም አለ። ጋሪው ያለ ንፋስ አልሄድም አለ። ጄኔሬተሩ ያለ ጋሪ አልመጣም አለ። ብየዳው ያለ ጄኔሬተር አልበይድም አለ። መርገጫው ያለ ብየዳ አልገጠምም አለ።

እማማ ዘርፌ ግን ከዱካቸው ተነሱ።

አምስት ሰዓት ተኩል። የፒካፑን የኋላ ወንበር በር ከፈቱ። እጃቸውን አስገቡ። የወንበሩን ፕላስቲክ ጫፍ ያዙ።

«እማዬ!»

ሳቡ። ቀደዱ። ድምፁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ፤ ሦስት ሳምንት የታፈነ ነገር እንደተነፈሰ።

«እማዬ፣ አዲስ መኪና እኮ ነው!»

«ታዲያ መቼ ነው መኪና የምትሆነው? እኔ ስሞት?»

የፊቱንም ሳቡ። ጠቅልለው ፈለቀ እቅፍ ውስጥ ከተቱት።

«ያውልህ ምንጣፍህ። ሂድና አንጥፍ።»

ፈለቀ ፕላስቲኩን አየ። እናቱን አየ። ሰዓቱን አየ። አነጠፈ፤ አራት እጥፍ አድርጎ፣ ማዕዘን በማዕዘን።

ፕላስቲኩ ተነጠፈ፤ ፒካፑ እሺ አለ። ፒካፑ እሺ ሲል ጄኔሬተሩ መጣ። ስድስት ሰው አውርዶ አስነሳው። ጄኔሬተሩ ሲጮህ ንፋሱ ነፈሰ። ንፋሱ ሲነፍስ ጋሪው በእግሩ ቆመ፤ ዘበነ ወደ ሥራው በረረ። ብየዳው በየደ። ማሰሪያው አራት ጣት ረዘመ። መርገጫው ግራና ቀኝ ገጠመ። እማማ ዘርፌም አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር፣ ተሳፈሩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል።

ጄኔሬተሩ ሲወርድ የጭነቱን መዝጊያ ጭሮታል። ጣት የምታህል ጭረት። ፈለቀ ጎንበስ ብሎ በምራቁ አሸው። አልለቀቀም።

«እንኳን ደስ አለህ» አለው ሙዘይን። «ከእንግዲህ አትፈራላትም።»

ፖርቶ መጋላው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። የፊት መከላከያውም። አራቱ መብራቶችም። ፈለቀ በመስታወቱ አንዴ አያቸው፤ ከዚያ መንገዱን አየ።

ሰበታ። ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ። አምስት ሽማግሌዎች ወንበር ላይ። ወይዘሮ አጸደ ከበራቸው ፊት ቆመዋል፤ ከዘራ ይዘው፣ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው።

እማማ ዘርፌ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ በመካከላችሁ የገባውን ነገር ከሥሩ...»

«አንድ ጊዜ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ እማማ ዘርፌ። ዞረው የኋላ ወንበሩን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። «አጸደ። ነይ ግቢ። ቦታ አለ።»

ወይዘሮ አጸደ ወንበሩን አዩ። ባዶ ነው፤ ሰፊ ነው። ከዚያ ከፍታውን አዩ።

«ዘርፌ፣ ይሄ ጉልበቴ እኮ ካንቺም ብሷል።»

«ሰምቻለሁ። ሰፊውን የመረጥኩት ለማን ይመስልሻል?»

ወይዘሮ አጸደ ከዘራቸውን ለሽማግሌው ሰጡ። እግራቸውን ጎማው ላይ አሳረፉ። አላንሸራተተም። ወጡ፤ ተቀመጡ። እማማ ዘርፌ በሌላው በር ዞረው ከጎናቸው ገቡ። ለዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት አሮጊቶች ወደፊት አዩ።

«ቦርሳዬንስ የት ላድርገው?» አሉ ወይዘሮ አጸደ ቀስ ብለው።

«ጭንሽ ላይ» አሉ እማማ ዘርፌ።

ሳቃቸው ፒካፑን አወዛወዘው። ሽማግሌዎቹም ንግግራቸውን ለሌላ ቀን አጥፈው አስቀመጡት።

ተረቴ እዚህ ደረሰች። መርገጫውን እያያችሁ ውረዱ።