በሶብላ ለአባዬ ስጎ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የኔ ተረት ላም የላትም፤ ላሟ ከትናንት ወዲያ ሥጋ ሆና ተፈጭታለች። «የስጎ ድስት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጆሮ ስጡኝ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ትርንጎ ወንዳፍራሽ ትኖራለች። አባቷ አቶ ወንዳፍራሽ በባቡር ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ባቡሩ እየተንገጫገጨ ስጎ ይሠራሉ፤ አንዲት ጠብታ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ አታርፍም። ሲሞቱ ቤት አላወረሱም፣ መሬት አላወረሱም። ያወረሱት አንድ ጭልፋ ነው፤ እጀታው ረጅም፣ አፉ በማማሰል ብዛት በአንድ በኩል የተበላ። «ስጎዬን የሠራ ልጅ ይውሰደው» ብለው አረፉ።

ጭልፋው ስምንት ዓመት ሙሉ የማንም አልሆነም። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ዘውዱ በጋዜጣ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። በየእንቁጣጣሹ ከልጆቹ አንዱ ለቤተሰቡ ፓስታ በስጎ ይሠራል፤ ጋሽ ዘውዱ ይቀምሳሉ፤ «ይጣፍጣል፤ የአባዬ ግን አይደለም» ይሉና ጭልፋውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ታላቋ እህት አስካለ በርበሬ ጨምራበት ቀረባት። በርበሬ የገባበት ነገር ወጥ ነው እንጂ ስጎ አይደለም፤ እኔም ብሆን አልሰጣትም ነበር። ትርንጎ የመጨረሻ ልጅ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ «አንቺ ሹካ ደርድሪ» አሏት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሹካ ደረደረች። ዘንድሮ ግን ተራው የሷ ሆነ። ምን አደረገች መሰላችሁ? ጭልፋው ሳይመጣ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታች! እኔ እንዲህ ዓይነት ደፋር ሰው እወዳለሁ።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ድስቱን ጣደች። ሽንኩርቱን እስኪቀላ አቁላላች። የተፈጨውን ሥጋ ውሃው እስኪመጥ አገላበጠች። ካሮት ፈቅፍቃ፣ ቲማቲም ከትፋ፣ የቲማቲም ድልህ ጨምራ፣ እሳቱን ቀነሰችና ሦስት ሰዓት ሙሉ ከድስቱ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ስድስት ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ በሰባት ይመጣሉ። የቀራት አንድ እፍኝ በሶብላ ብቻ ነው። አባቷ ስጎው ሊወጣ ሲል ለጋ በሶብላ ቀንጥሰው ጣል ያደርጉበት ነበር። ይህን ያየ ሌላ ሰው የለም፤ ያየችው እሷ ናት፣ ልጅ ሆና ሹካ ስትደረድር።

«አድማሱ!» ብላ ባሏን ተጣራች። «ቶሎ በል! በሶብላ!»

አድማሱ በያጅ ነው። ሃያ ዓመት ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ደክሟል። ሚስቱ «በሶ ብላ» ያለችው መሰለውና ደስ አለው። «ይቺን የመሰለች ሚስት! በበዓል ቀን፣ ሥራ በዝቶባት፣ ለኔ ሆድ ታስባለች» አለ። የበሶውን ጣሳ አወረደ። ያለውን ሁሉ ገልብጦ በዘይትና በጨው አሸት አሸት አደረገውና ሦስት ጭብጦ ወጣው። ትርንጎ ብቅ ስትል ጢሙ ዱቄት ለብሷል።

«የታለ በሶብላው?»

«እየበላሁ ነዋ፣ አቦ!»

ትርንጎ ራሷን ያዘች። ተመልሳ ድስቱን «እባክህ፣ ዛሬን ያለ በሶብላ ስጎ ሁንልኝ» ብላ ለመነችው። ድስት ያወራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የናንተ ላያወራ ይችላል። የሷ ግን «ዱቅ ዱቅ ዱቅ፤ አልሆንም» አለ። ገበያው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ተራግፏል። በሰፈሩ በሶብላ ያለው ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ትርንጎ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች።

አዴ ሞሚና በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። «አዴ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ እፍኝ በሶብላ ፈልጌ ነበር» አለቻቸው ከውጭ ሆና።

«ውሰጂ ልጄ፣ የኔ ቤት ያንቺ አይደለም እንዴ! ግን ፍየሏን ቻያት» አሉ።

ፍየሏ በሩ ላይ ተጋድማለች። በሩ ጠባብ፣ ፍየሏ ሰፊ፣ ቀንዷ ደግሞ ሹል ነው።

«ፍየል፣ ፍየል፣ በሩን ልቀቂልኝ። በሩን ካለቀቅሽ በሶብላው ድስት አይገባ፣ ድስቱ ስጎ አይሆን፣ ጭልፋው ሚስማሬ ላይ አይሰቀል!»

«አልለቅም» አለች ፍየሏ። «ታስሬ ነው የለመድኩት። ዛሬ ገመዴን ወስደውብኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሳልታሰር ብነሳ ሰው ምን ይለኛል? ገመዴን አምጪና አስነሺኝ።»

ገመዱን የወሰደው የአዴ ሞሚና የወንድም ልጅ፣ ከሰል ነጋዴው አብዲ ነው። የራሱ ገመድ መንገድ ላይ ተበጥሶበት፣ በዚህኛው አህያውን ከመንገዱ ዳር ዛፍ ጋር አስሯል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ትርንጎ ወደ ዛፉ ሮጠች።

«ገመድ፣ ገመድ፣ ፍየሏን እሰርልኝ። ገመዱ ፍየሏን አያስር፣ ፍየሏ በሩን አትለቅ፣ በሶብላው ድስት አይገባ፣ ድስቱ ስጎ አይሆን፣ ጭልፋው ሚስማሬ ላይ አይሰቀል!»

«አላስርም» አለ ገመዱ። «አህያ ይዣለሁ። አንድ ገመድ ሁለት አንገት አይይዝም። አህያው ይልቀቀኝ።»

አህያው ጆሮውን ጥሎ ቆሟል። ትርንጎ አንገቱን አሻሸችው። አህያ ስታባብል የታየችው በሕይወቷ የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ በመስኮት አይቻታለሁ።

«አህያ፣ አህያ፣ ገመዱን ልቀቅልኝ። አህያው ገመዱን አይለቅ፣ ገመዱ ፍየሏን አያስር፣ ፍየሏ በሩን አትለቅ፣ በሶብላው ድስት አይገባ፣ ድስቱ ስጎ አይሆን፣ ጭልፋው ሚስማሬ ላይ አይሰቀል!»

«አልለቅም» አለ አህያው። «ጀርባዬ ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል አለ። ይህን ተሸክሜ ከተፈታሁ ወይ እሮጣለሁ፣ ወይ እወድቃለሁ፤ ሁለቱም ላንቺ አይበጅሽም። ጆንያው ይውረድልኝ።»

«ጆንያ፣ ጆንያ፣ ውረድልኝ!»

«በምን እግሬ?» አለ ጆንያው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከሰል የተሞላ ጆንያ ወሬ አይወድም።

አብዲ ከዛፉ ሥር፣ ጥላው ላይ ጋደም ብሏል። ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ትርንጎ ላቡ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ፊቱ ቆመች።

«አብዲ፣ ወንድሜ፣ ተነስልኝ። አብዲ ጆንያ አያወርድ፣ ጆንያው ከአህያው አይወርድ፣ አህያው ገመዱን አይለቅ፣ ገመዱ ፍየሏን አያስር፣ ፍየሏ በሩን አትለቅ፣ በሶብላው ድስት አይገባ፣ ድስቱ ስጎ አይሆን፣ ጭልፋው ሚስማሬ ላይ አይሰቀል! ጋሼ እየመጡ ነው፣ አብዲ!» ስምንት ዓመት የደረደረችው ሹካ ሁሉ ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት።

አብዲ በክርኑ ቀና አለ። «አቦ ትርንጎ፣ እምቢ ማለቴ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳሁት፤ እህል በአፌ አልዞረም። ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። ጆንያውን ብነካው እኔም አብሬው ነው የምወርደው።»

«ና፣ ቤት ግባ፤ ፓስታ በስጎ አበላሃለሁ!»

አብዲ ፈገግ አለ። «ሥጋችሁ ለኔ አይሆንም፤ ረሳሽው?»

ትርንጎ አፏን ያዘች። ሠላሳ ዓመት የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በአንድ ድስት የተነሳ ይህን መርሳቷ አሳፈራት። «ይቅር በለኝ። ታዲያ ምን ላምጣልህ?»

«ቀላል ነገር። ጉልበት የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርስ…» አለና አሰብ አደረገ። «በሶ የለሽም?»

በሶ! ትርንጎ እንዴት እንደሮጠች አትጠይቁኝ። ሽርጧ አየር ላይ ነበር። እየሮጠች የምታስበው አንድ ነገር ነው፦ ጣሳው ተገልብጧል፤ ከሦስቱ ጭብጦ አንዱ ቅድም አልቋል፤ ሁለተኛውስ? ሦስተኛውስ? በሩን በርግዳ ስትገባ ሁለተኛው የለም። ሦስተኛው በአድማሱ እጅ ነው፤ የአድማሱም አፍ ተከፍቷል።

«በሶ አትብላ!» ብላ ጮኸች።

በዚህ ጊዜ ሰማ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጥርት ብሎ ሰምቶ አያውቅም። «ቅድም ብላ አልሽኝ፣ አሁን አትብላ አልሽኝ፤ አንዱን ምረጪ እንጂ!» አለ። ግን ፊቷን አየና ጭብጦውን ዘረጋላት። የተከፈተ አፍ ባዶውን መዝጋት ቀላል አይደለም፤ ይህን ስለ አድማሱ መናገር አለብኝ።

አሁን ያዙኝ፣ ፈጠን ልል ነው። አብዲ በሶ በላ። በሶ የበላው አብዲ ጆንያውን አወረደ፤ ጆንያው የወረደለት አህያ ገመዱን ለቀቀና አቧራው ላይ ተንከባለለ፤ አህያው የለቀቀው ገመድ ፍየሏን አሰረ፤ የታሰረችው ፍየል «ኧረ እንዲህ ነው የሚያምረው!» ብላ በሩን ለቀቀች። አዴ ሞሚና ምርኩዛቸውን ይዘው ወርደው ለጋ ለጋውን በሶብላ ራሳቸው ቀነጠሱላት። «ስጎሽን ባልበላም ሽታው ሰፈሩን አዳርሶታል። አባትሽ የመጡ መስሎኝ ነበር» አሏት። ትርንጎ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ፤ ግን ጊዜ ስለሌላት ወደ ኋላ አስቀረችው።

በሶብላው ድስት ገባ። ድስቱ «ዱቅ» አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ፓስታው ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ሳይላሽቅ ወጣ። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

እኔም ተጠርቼ ስለነበር የቀረውን ያየሁት በዓይኔ ነው። ጋሽ ዘውዱ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀመጡ፤ የጋዜጣው ጥቅል ጉልበታቸው ላይ ነው። እህቷ አስካለ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሳህኑ ቀረበ። ጋሽ ዘውዱ ፓስታውን በሹካ ጠቀለሉ፣ ጎረሱ፣ አላመጡ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። «ይጣፍጣል» አላሉም። ደግመው ጎረሱ። «ይጣፍጣል» አላሉም። ሳህኑ አለቀ፤ በዳቦ ጠረጉት፤ ሳህኑን ወደ ትርንጎ ገፉት። ጨመረችላቸው። እሱም አለቀ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

«ማንም፣ ጋሼ። ሹካ ስደረድር አየሁ።»

«እኛ ሁላችን እዚያው ነበርን። ምን ጨመርሽበት? ያ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጣዕም ምንድን ነው?»

ትርንጎ ቀና አለች። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «በሶብላ!» አለች።

«እሺ!» አለ አድማሱ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ብድግ ብሎ። ጣሳውን አወረደ፣ ከፈተ፣ ገለበጠ። «አቦ፣ ባዶ ነው!»

ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። ትርንጎ እየሳቀች ከአብዲ እስከ ጭልፋው ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ አስካለ ሆዷን ይዛ ተደገፈችኝ። ጋሽ ዘውዱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ እንባው ቀጠለ፣ ሳቁ ግን ቆመ። ጥቅሉን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ተከትሏቸው የሄደ የለም። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ጋዜጣው ብቻ ነበር።

«የአባዬ ነው» አሉ። ጋዜጣውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከእንግዲህ የሚጠቀለል ነገር የለም። «ለከርሞ አንቺ ከድስቱ አትነሺ። ሹካ የምደረድረው እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ተነሳች። ወደ ወጥ ቤቷ ገባች፣ ጭልፋውን ከሚስማሩ አወረደች፣ ድስቱን አንድ ጊዜ አማሰለችበትና ለሦስተኛ ጊዜ ጨመረችላቸው።

ተረቴን መልሱ። አፌን ግን አታብሱት፤ ስጎ አለበት።