የጠገበ መዥገር

አንድ ሰው ነበረ፤ መዥገርና ቁንጫ የሚፈጭ። አትሳቂ ትርሲት! እንጀራው ነው። «እህቴ በእናታችን ተስካር ላይ፣ በሰው ፊት፣ ‹አንቺ ከእኛ አይደለሽም› አለችኝ፤ ቃሏን ልመን ወይስ እሷን?» ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? እንግዲያው ጆሮሽን ስጪኝ።

ሰውየው በአንድ የቆላ ከተማ፣ የከብት በሽታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ብቻውን ይሠራል። አርቢዎች ከከብቶቻቸው የለቀሙትን መዥገር፣ ከውሾቻቸው የያዙትን ቁንጫ በአልኮል ነክረው ያመጡለታል። እሱ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ በማይክሮስኮፕ እያየ በምላጭ ይቆርጣል። ከመዥገሩ እግሩን ብቻ ይወስዳል፤ የቁንጫውን ሆድ ቆርጦ ይጥልና ራሱንና ደረቱን ያስቀራል። ያንን በአሲድ ፈጭቶ ጠብታውን በብረት ሰሌዳ ላይ ያደርቀዋል። የቀረው የአንድ መመርመሪያ ማሽን ሥራ ነው። ማሽኑ ጠብታውን በብርሃን ይመታና፣ የተነሣውን ቅንጣት መዝኖ፣ ከሚያውቃቸው ጋር አስተያይቶ የመዥገሩን ዝርያ ይናገራል። ዝርያው ከታወቀ የሚያመጣው በሽታ ይጠረጠራል፤ መድኃኒቱም ሳይረፍድ ይታዘዛል።

ሰውየው ግን ብቸኛ ነበር። ብቸኛ ስልሽ፣ ምሳውን ከመዥገር ጋር እያወራ የሚበላ! «አንተስ አገርህ ወዴት ነው?» ይለዋል ብልቃጡን። አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው። አባታቸው በሞቱ ጊዜ ይኸው ወንድሙ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ብድግ ብሎ «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ! ጥለኸው ከተማ ገብተህ በናፍቆት ሞተ!» አለው። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዓውደ ዓመት ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ጾሙን እንኳ ይጾም ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት! ወንድሙ ሲደውል አያነሳም። በኋላ ስልኩም መጥራቱን ተወ።

ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ሽማግሌ ላሞቻቸው እየወደቁባቸው ሁለት መዥገር ይዘው መጡ። መዥገሮቹ ደም ጠጥተው እንደ ጉሎ ፍሬ አብጠዋል። ሰውየው ሐሳቡ ከበዓሉ ጋር ነበርና አንዱን ከነሆዱ ጨፍልቆ ፈጨው። ማሽኑ «አላውቀውም» አለ። ያን ጊዜ ስሕተቱ ገባው፤ ደነገጠ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ከነሆዱ ፈጭቼው ነው» ብሎ የቀረውን አንዱን አወጣ። በጥንቃቄ እግሮቹን ቆርጦ ያዘና ያበጠውን ገላ ወዲያ አለው።

ሽማግሌው ገርሟቸው «ልጄ፣ ትልቁን ጥለህ ክር የምታህለዋን ትይዛለህ እንዴ?» አሉት።

«አባባ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የላምዎ ደም ነው። እሱን ብጠይቀው የሚነግረኝ የላሟን ነው። የራሱን የሚነግረኝ እግሩ ነው። ለዚህ ነው...» አለና ምላጩን አስቀመጠ።

ያ ድንኳን ትዝ አለው። ወንድሙ ያን ቃል ከመናገሩ በፊት አክስቶቹና ጎረቤቱ ሐሜት ሲግቱት ነበር የሰነበቱት። ያንን ሁሉ ተግቶ፣ አብጦ አብጦ እዚያ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ግን ማን ነበር? ወንዝ ሲሞላ ታናሹን በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት የሚያሻግር ሰው ነበር። ታናሹ ይማር ብሎ የራሱን ትምህርት ትቶ ከአባቱ ጋር ያረሰም እሱ ነው። «ለመዥገር ያደረግሁትን ለወንድሜ አላደረግሁለትም!» ብሎ ሰውየው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌው ለላሞቹ ያለቀሰ መሰላቸውና «አይዞህ ልጄ፣ ገና አልሞቱም» አሉት።

ማሽኑ የመዥገሩን ስም ተናገረ፤ ሽማግሌውም ወደ ከብት ሐኪሙ ገሠገሡ። ሰውየው ወዳገሩ ተሳፈረ። ወንድሙ በሩን ሲከፍትለት ጠጉሩ ሸብቷል። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሚስቱ ሞታለች። ሰውየውን ያረዳው የለም፤ ስልክ የማያነሳን ሰው ማን ያረዳዋል? ወንድምየውም «ግባ፣ ብርድ ነው» አለው። ገባ። አንዲት ወንበር ብቻ ነበረችና መሬት ተቀመጡ። ያን ሁሉ ዘመን ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ቤት ለየብቻቸው ሲበሉ ኖረዋል፤ ያን ዘመን የሚመልስላቸው የለም።

እንግዲህ ትርሲት፣ እህትሽ በተስካሩ የተናገረችው ያ ቃል በሆዷ የነበረ የሰው ደም ነው። ማን እንደጋታት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እሱን ቆርጠሽ ጣዪው። አራስ ሳለሽ ከራስጌሽ ያልተለየችው ማን ናት? በእሱ መዝኛት። በይ ተነሺ፤ እኔ ዘንድ ቁጭ ብለሽ የምታመሺው ምሽት፣ እሷ ብቻዋን የምታመሸው ምሽት ነው።