የአባባ ጫንያለው ጉልበትና የትርንጎ ላፕቶፕ

አንድ ነገር ላምጣ? አምጣ በሉኝና ጠጋ ጠጋ በሉ። ነገሩ እንደ ገመድ ይረዝማል፤ ጫፉን ይዞ የተከተለኝ ግን አይጠፋም።

አባባ ጫንያለው አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ የልጅ ልጃቸውን የአንጓችን ሠርግ ማየት።

አንጓች እናትና አባቷን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሠርጓ ሊደርስ ሲል ድንኳን ተካዮቹን «እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ» ሊሉ ወጡና በድንኳኑ ገመድ ተጠልፈው ወደቁ፤ የጉልበታቸው ሎሚ ተሰበረ። ሰው ሲጨፍር እሳቸው ሌላ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ተኝተው ነበር። እግራቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ሲመለሱ ድንኳኑ ፈርሷል፤ ሙሽራዋም ባሏን ተከትላ ጂንካ ገብታለች። አሁን ደግሞ ዓርብ መኪና መጥቶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሊወስዳቸው ነው፤ ጉልበቱ ተከፍቶ ካልተጠገነ ዳግመኛ አይቆሙበትም ተብሏል። አባባ ግን «ሙሽራዋን ሳላይ ከዚህ አልጋ ንቅንቅ አልልም» አሉ። እሳቸው እንቢ ካሉ ደግሞ በሬ ጠምዶ የሚጎትታቸው የለም።

ሠርጉን የቀረጸችው ትርንጎ ናት። ገበያው መውጫ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አላት። በቪዲዮው መጨረሻ፣ አንጓች ከቤት ከመውጣቷ በፊት ለአያቷ ያደረገችው ነገር አለ፤ ከትርንጎ በቀር ያየው የለም። «በወሬ እንዳይሰሙት፣ ራስሽ አሳዪልኝ» ብላ አደራ ጥላባት ሄዳለች። ትርንጎ የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሠርግ ብላ አጥፍታዋለች። የቀረው አንድ ቅጂ ከሁለት ሰው እጅ አልፎ የደረሳት ያረጀ ላፕቶፕ ውስጥ ነው።

ላፕቶፑ ደግሞ በከፈተችው ቁጥር «ዲስኩ ተበላሽቷል» ይላል። ልታስተካክለው ትሞክራለች፤ በማግስቱ ያው ነው። ቫይረስ ይሆናል ብላ አጸዳች። ገመዱ ይሆናል ብላ ቀየረች። ዲስኩ ነው ብላ ሌላ ዲስክ ገዝታ ገለበጠችበት፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ታመመ። በተበላሸ ቁጥር ከሠርጉ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። መጀመሪያ የሽማግሌዎቹ ንግግር ጠፋ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አላዘነችም። ቀጥሎ ጭፈራው ጠፋ። አሁን ተራው አደራ የተባለችው ነገር ላይ ሊደርስ ነው፤ ትርንጎ እንቅልፍ አጣች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለችና ጠዋት ተነስታ መጠየቅ ጀመረች። ላፕቶፕ አይመልስም የሚል ሰው ካለ፣ ላፕቶፑን ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው።

«ላፕቶፕ፣ ላፕቶፕ፣ ሙሽራዋን አሳይ። አባባ ጫንያለው ሙሽራዋን ልይ ይላሉ።»

«አላሳይም» አለ ላፕቶፑ። «ዲስኩ ካልሰጠኝ ከየት አምጥቼ? ዲስኩን ጠይቂ።»

«ዲስክ፣ ዲስክ፣ ለላፕቶፑ ስጥ። አባባ ጫንያለው ሙሽራዋን ልይ ይላሉ፤ ላፕቶፑ ሙሽራዋን አላሳይም ይላል።»

«አልሰጥም» አለ ዲስኩ፣ ቀጭ ቀጭ እያለ። «እየጻፍኩ ሳለሁ መሃል ላይ ድርግም ይልብኛል። የሚጽፍን ሰው ክንዱን ቢመቱት ጽሕፈቱ ምን ይሆናል? ለውጠሽ የጣልሽው ወንድሜም የታመመው እንዲሁ ነው፤ በራሱ ደህና ነበር። አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን አትምቺ። ሲጨልም የሚደግፈኝ ባትሪው ነበር፤ እሱን ጠይቂ።»

ትርንጎ ስለ መጀመሪያው ዲስክ ትንሽ አፈረች። ባትሪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አብጦ ስለነበር ካወጣችው ቆየች፤ ላፕቶፑን የምታሠራው ከግድግዳው ሰክታ ብቻ ነው።

«ባትሪ፣ ባትሪ፣ ዲስኩን ደግፍ። አባባ ጫንያለው ሙሽራዋን ልይ ይላሉ፤ ላፕቶፑ ሙሽራዋን አላሳይም ይላል፤ ዲስኩ ለላፕቶፑ አልሰጥም ይላል።»

«አልደግፍም» አለ ባትሪው። «ሆዴን አታዪም? የኔን ዓይነት አዲስ ባትሪ ታዞ እስኪመጣ ደግሞ ዓርብ ያልፋል። መብራቱ ቢጸና እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር? መብራቱን ጠይቂ።»

ትርንጎ ወደ አምፖሉ ቀና አለች። በእነሱ ሰፈር መብራት የሚመጣው ጠዋት ነው፤ ቀትር ላይ ይሄዳል። ዲስኩ ተመርምሮ እንዲጠገን ደግሞ ያ ሁሉ ጊዜ ሳይቋረጥ ያስፈልገዋል።

«መብራት፣ መብራት፣ ጽና። አባባ ጫንያለው ሙሽራዋን ልይ ይላሉ፤ ላፕቶፑ ሙሽራዋን አላሳይም ይላል፤ ዲስኩ ለላፕቶፑ አልሰጥም ይላል፤ ባትሪው ዲስኩን አልደግፍም ይላል።»

«አልጸናም» አለ መብራቱ። «የሚጎትተኝ አለ። ዓይንሽን አምፖሉ ላይ፣ ጆሮሽን ግድግዳው ላይ አድርጊ።»

እንደተባለችው አደረገች። ከግድግዳው ጀርባ የጋሽ ልንገረው ወፍጮ ጓ ብሎ ተነሳ፤ አምፖሉ ብጫ ሆነ፤ ላፕቶፑም ጠፋ። ይህን ድምፅ በየጠዋቱ ስትሰማው ኖራለች፤ ከአምፖሉ ጋር አያይዛው ግን አታውቅም። ሮጣ በጓሮ ዞረች።

«ወፍጮ፣ ወፍጮ፣ መብራቱን ልቀቅ። አባባ ጫንያለው ሙሽራዋን ልይ ይላሉ፤ ላፕቶፑ ሙሽራዋን አላሳይም ይላል፤ ዲስኩ ለላፕቶፑ አልሰጥም ይላል፤ ባትሪው ዲስኩን አልደግፍም ይላል፤ መብራቱ አልጸናም ይላል።»

«አልለቅም» አለ ወፍጮው። «እኔም አርጅቻለሁ፤ ከተቀመጥኩበት የምነሳው መብራቱን በሁለት እጄ ጎትቼ ነው። ጋሽ ልንገረው ካላስነሱኝ ግን እኔ መቼ ጠላሁ መተኛት።»

ጋሽ ልንገረው ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።

«ጋሽ ልንገረው፣ እባክዎ ወፍጮውን ያቁሙት። አባባ ጫንያለው ሙሽራዋን ልይ ይላሉ፤ ላፕቶፑ ሙሽራዋን አላሳይም ይላል፤ ዲስኩ ለላፕቶፑ አልሰጥም ይላል፤ ባትሪው ዲስኩን አልደግፍም ይላል፤ መብራቱ አልጸናም ይላል፤ ወፍጮው መብራቱን አልለቅም ይላል።»

«አላቆምም ልጄ» አሉ ጋሽ ልንገረው። «ገበያው ውስጥ አዲሱ ወፍጮ ከተከፈተ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ትቶኛል። ያልተወኝ አንድ ደንበኛ ነው፤ በየጠዋቱ አንድ ጣሳ እህል ይልካል። ለአንድ ጣሳ ሞተር ያስነሳል ብለው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እህሉን የምታመጣው ዘርትሁን ናት፤ እሷን ጠይቂያት።»

እትዬ ዘርትሁን ባዶ ጣሳቸውን አስጠግተው ዱቄቱን ይጠብቃሉ። የአባባ ጫንያለው ልጅ ናቸው። ትርንጎ ጣሳውንም እሳቸውንም አየችና ሳቋ መጣ፤ ገመዱ ወዴት እየዞረ እንደሆነ ገባት።

«እትዬ ዘርትሁን፣ ከነገ ጀምሮ እህሉን ይመልሱት። አባትዎ ሙሽራዋን ልይ ይላሉ፤ ላፕቶፑ ሙሽራዋን አላሳይም ይላል፤ ዲስኩ ለላፕቶፑ አልሰጥም ይላል፤ ባትሪው ዲስኩን አልደግፍም ይላል፤ መብራቱ አልጸናም ይላል፤ ወፍጮው መብራቱን አልለቅም ይላል፤ ጋሽ ልንገረው ወፍጮውን አላቆምም ይላሉ።»

«እኔም አልመልስም» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «አባዬ የዕለቱ ዱቄት ካልሆነ አጥሚቱን አፋቸው አያስጠጉትም። አንድ ቀን የትናንቱን ባቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከቻልሽ ራሳቸውን ጠይቂ።»

ሁለቱም ሄዱ፤ ጋሽ ልንገረውም ደንበኛቸውን እንዳይቀሙ ፈርተው ተከተሉ። አባባ ጫንያለው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትርንጎ አልጋው አጠገብ ቆማ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

«አባባ፣ እርስዎ ሙሽራዋን ልይ ይላሉ፤ ላፕቶፑ ሙሽራዋን አላሳይም ይላል፤ ዲስኩ ለላፕቶፑ አልሰጥም ይላል፤ ባትሪው ዲስኩን አልደግፍም ይላል፤ መብራቱ አልጸናም ይላል፤ ወፍጮው መብራቱን አልለቅም ይላል፤ ጋሽ ልንገረው ወፍጮውን አላቆምም ይላሉ፤ እትዬ ዘርትሁን እህሉን አልመልስም ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ የዕለቱ ዱቄት ካልሆነ አልቀምስም ይላሉ።»

አባባ በጣታቸው ገመዱን ወደ ኋላ ቆጠሩት።

«እንግዲያ ሙሽራዬን ስቆራርጣት የሰነበትኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

እትዬ ዘርትሁን ለእንዲህ ያለ ድፍረት ቁጣ ይጠብቁ ነበር። አባባ ግን አልተቆጡም፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እኔ አጥሚት ከልጅነቴም አልወድም» አሉ። «አንጓች ናት ስትሄድ ‘ለአባባ በየጠዋቱ ትኩስ ዱቄት ይደረግላቸው፣ እኔ ሳደርግላቸው እንደነበረው’ ብላ ለዘርትሁን የነገረች። ሌላ የተወችልኝ ነገር የለም። ቃሏን አፍርሼ ፊቷን ልየው?»

እህሉ ቢቀር የልጅቱ ቃል ይፈርሳል፤ እህሉ ቢሄድ የልጅቱ ፊት ይጠፋል። እትዬ ዘርትሁን ነጠላቸውን ያፍተለትላሉ። አባባ ወዲያ ወዲህ ሲያዩ ዓይናቸው ጥግ ላይ አረፈ። እዚያ አሮጌ ሙቀጫ አለ፤ ዶሮዋ ቤቴ ብላ ከያዘችው ቆይታለች።

«ትኩስ ይሁን አለች እንጂ ከወፍጮ ይምጣ አላለችም» አሉ ቀስ ብለው። «እስቲ ያቺን ዶሮ አስነሡልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘርትሁን ዘነዘናውን ሲያነሱ ጋሽ ልንገረው ደርሰው ከእጃቸው ነጠቋቸው። «ወዲያ በይ፤ ደንበኛዬ ነው፤ በወፍጮም በሙቀጫም የምፈጭለት እኔ ነኝ» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ይወቅጡት ጀመር።

አባባ እህሉን ከወፍጮ አስቀሩ፤ እትዬ ዘርትሁን ሙቀጫ ውስጥ ጨመሩት፤ ጋሽ ልንገረው ወፍጮውን ተዉት፤ ወፍጮው መብራቱን ለቀቀ፤ መብራቱ ጸና፤ ባትሪውን የሚፈልገው ጠፋ፤ ዲስኩ ሳይደነግጥ ጽፎ ጨረሰ፤ ላፕቶፑም… ላፕቶፑ ትንሽ አሰበ። ሽማግሌ ነው፤ አታዋክቡት። ትርንጎ ጥፍሯን ነክሳ ጠበቀች። ላፕቶፑም ሙሽራዋን አሳየ።

ያን ጊዜ የተነፈሰችው ትንፋሽ ስንት ጠዋት ሆዷ ውስጥ የከረመ ነው። ወዲያው ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ ደግማም ሌላ ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አትፍረዱባት። ከዚያ መብራቱ ሳይሄድ ላፕቶፑን አቅፋ ወደ አባባ ቤት ሮጠች፤ አልጋው አጠገብ ሰካችው።

የአባባ እልፍኝ ታየ። ባዶ ወንበራቸው አለ፤ ጋቢያቸው ተጣጥፎ ተቀምጦበታል። አንጓች በሙሽራ ልብሷ ገባች፤ በሩን መለስ አደረገች፤ ወንበሩ ፊት ተንበረከከች። ጉልበታቸው ሊያርፍበት የሚገባውን የጋቢውን ጫፍ ሳመች።

«አባባ» አለች፣ «ሙሽራ ጉልበት ስማ ተመርቃ ነው የምትወጣው። የእርስዎ ጉልበት ዛሬ ታሟል፤ ስለዚህ ጋቢዎን ስሜ እሄዳለሁ። ይህን ሲያዩ ይመርቁኝ። እስከዚያ ምርቃቴን እጠብቃለሁ።»

አባባ ጫንያለው አለቀሱ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። እጃቸውን ዘርግተው ላፕቶፑ ላይ አሳረፉ።

«ውለጂ፣ ክበጂ። የገባሽበት ቤት ይሙላልሽ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ የድንኳን ገመድም ቢሆን።»

«አሜን» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «አሜን» አሉ ጋሽ ልንገረው ዘነዘናውን እንደያዙ። «አሜን» አለች ትርንጎ።

አባባ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ጄሶውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«መኪናው ነገ በጠዋት ነው ያላችሁኝ? ልብሴን አዘጋጂ። ይህ ጉልበት የሚስመው አለው፤ ሄጄ ላስጠግነው።»

እኔም ገመዴን ጠቀለልኩ። አፌን የማብስበት ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ አንድ ኩባያ አጥሚት ይበቃኛል፤ አባባ ጫንያለው ሳይጨርሱ የተዉት አለ።