የግመሎች አርብ፣ የአህዮች እሑድ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ጨው ነጋዴ ሆነና ግመሎችንና አህዮችን ቀጠረ። ደመወዛቸው ገለባ፣ ውሉም አንድ ብቻ ነበር፦ «መንገድ ላይ የወደቀ የኔ ነው!» አይ ጅብ! ነግዶም ሐሳቡ ከሆዱ አይወጣ።

ግመሎቹ አርብ ይሰግዳሉ፤ አህዮቹ እሑድ ይጸልያሉ። አያ ጅቦ ሊከለክል ሲነሳ አማካሪው እመት ቀበሮ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ተዋቸው ጌታዬ! አርብ የግመሎቹን ጨው አህዮቹ ላይ ደርብ፤ እሑድ የአህዮቹን ግመሎቹ ላይ። እርስ በርስ ሲነካከሱ አንተን ማን ያስታውሳል?»

እንዳለችውም ሆነ። አህዮቹ «ግመል የሚሰግደው በእኛ ወገብ ነው!» እያሉ አጉረመረሙ። ግመሎቹም አህያ ማየት አስጠላቸው። በዚህ መሀል እትዬ ዳማ የምትባል አሮጊት አህያ ጀርባዋ ተልጦ ገጣባ ሆነች። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላት ጀመር። እንዴት አንጀት ትበላ ነበር መሰላችሁ!

አንድ እሑድ አህዮቹ ለጸሎት ሲሰበሰቡ እትዬ ዳማ አለቀሰች።

«ልጆቼ፣ የፊታችን አርብ ከደረቡብኝ መውደቄ ነው። ጸልዩልኝ።»

አባባ ኑሬ የሚባለው ሽማግሌ ግመል ድርብ ጭነቱን ተሸክሞ ሲያልፍ ሰማትና ቆመ።

«እኛም አርብ የምንለምነው ይኸንኑ ነው፤ ማንም እንዳይወድቅ። ለመሆኑ አንዳችን ሌላችን ላይ እንድንጫን ያዘዘው ፈጣሪ ነው?»

«ኧረ ቀበሮ ናት! ጅቦን ስትመክረው ሰምቻታለሁ!» አለች እትዬ ዳማ።

«እንግዲያው አርብ የእኛን ጨው አትንኩ፤ እሑድ የእናንተን አንነካም።»

«አሜን!» አሉ አህዮቹ በአንድ ድምፅ።

አርብ ደረሰ። አህዮቹ የግመሎቹን ጨው ሳይነኩ ከሚሰግዱት ግመሎች አጠገብ ሄደው ሁሉም ተኙ።

«ወደቁ! ሁሉም የኔ ናቸው!» ብሎ አያ ጅቦ ዘለለ። ግመሎቹ ግን ስግደታቸውን ጨርሰው አህዮቹን ከበው ቆሙላቸው። ያን ረጅም እግር ማን ይደፍራል?

በዚህ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። «ጨዌ ሊሟሟ ነው! ለራሴማ እሸከማለሁ!» አለና ጅቦ የቻለውን ሁሉ ጀርባው ላይ ቆለለ። ጥቂት እንደተራመደ ጉልበቱ ከዳውና ከነጨዉ ተዘረረ። እመት ቀበሮን ቢጣራ የውሃ ሽታ ሆናለች።

እትዬ ዳማ ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«አያ ጅቦ፣ የወደቀ የማን ነበር?»

«ውሉ ይቅር! ድርብ ጭነትም ይቅር! ብቻ ጨዉን አንሱልኝ!»

ግመልና አህያ ተጋግዘው አነሱለት።

ከዚህ የምንማረው ለፈጣሪ የሚንበረከኩበት ቀን ቢለያይም ሸክም የሚያጎብጣቸው በአንድነት መሆኑን ያወቁ ሠራተኞች ተባብረው ቀና እንደሚሉ ነው።